ሕመም ስለሌለው የእግር እብጠት

«በሽታውን የደበቀ መድኀኒት አይገኝለትም» የሚለውን የአባቶች ምሳሌ የማያውቅ የለም። ይሁን እንጂ በሽታውን የሚደብቀው ሁልጊዜ በሽተኛው ብቻ አይደለም፤ በሽታውም ራሱን የሚደብቅበት ጊዜ አለ። ጥርስ ሲታመም እንቅልፍ ይነሣል፤ ቍስል ሲመግል ያቃጥላል፤ ስለዚህም ሰው ሳይወድ በግዱ ወደ ሐኪም ይሄዳል። የማያም ነገር ግን ማንንም አይቀሰቅስም። በዚህ ወር ለአንባቢዎቻችን ልንገልጽ ያሰብነው ስለዚህ ዐይነቱ ነገር ነው፤ ይኸውም በእግር ጡንቻ ውስጥ ያለ ሕመምና ያለ ታወቀ ምክንያት ስለሚገኝ እብጠት ነው።

ይህን ጉዳይ የመረጥነው በሥራችን ላይ ተሳስተን ስለ ተማርንበት ነው። ስሕተታችንንም ሳንሸሽግ እንናገራለን፤ የጤና ሠራተኛ ስሕተቱን ቢሸሽግ ሌላውም በዚያው መንገድ ሄዶ ይሳሳታልና።

የአንድ የቡና ሠራተኛ ታሪክ

ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። በሚዛን ተፈሪና በቴፒ መካከል ባለው የቡና አገር የጥቁር ዝንብ በሽታ ክኒን በሚታደልበት ሰሞን፣ ዕድሜው ሠላሳ አምስት ዓመት ያህል የሆነ የቡና እርሻ ሠራተኛ ወደ እኛ ቀረበ። ቁመቱ ተለክቶ ክኒኑን ከዋጠ በኋላ የሱሪውን እግር ወደ ላይ ሰብስቦ፣ «ዶክተር፣ ይህችም ከዚያችው ናት?» ሲል ጠየቀን። በአገራችን ነጭ ካፖርት የለበሰ ሁሉ ዶክተር ተብሎ ይጠራልና እኛም በስሙ ተጠርተን መልስ መስጠት ነበረብን።

ከጉልበቱ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ በጭኑ ጡንቻ ውስጥ እንደ ዶሮ እንቁላል ያለ ጠጣር ነገር ነበረ። በጣታችን ጫን ብንለው አላመመውም። ቆዳው አልቀላም፤ አልሞቀምም። ከስንት ጊዜ ጀምሮ እንዳለበት ብንጠይቀው፣ «በለቀማ ጊዜ ነው ያገኘኋት፤ ስለማታመኝ ትቻት ነበር» አለ። እኛም በዚያን ቀን ከሁለት መቶ ሰው በላይ አይተን ነበርና፣ ከእነዚያም መካከል በዝንቡ ትል ምክንያት ቆዳቸው ሥር እብጠት ያለባቸው ብዙዎች ነበሩና፣ «አዎን፣ ከዚያችው ናት፤ ክኒኑን በየጊዜው ዋጥ» ብለን አሰናበትነው። ደስ ብሎት ሄደ።

በሚቀጥለው የእደላ ዙር አልመጣም። በዓመቱ ሲመጣ ግን በዘንግ ተደግፎ ነበር። በመካከሉ ወጌሻ በቅቤ አሽቶታል፤ ከዚያም በገበያ ቀን መርፌ የሚወጋ አንድ ሰው «ትሉን ላውጣልህ» ብሎ በምላጭ ቀዶት ነበር። ትል አልወጣም። የወጣው ደም ብቻ ነው። እብጠቱም ሁለት ጭብጥ አክሎ ነበር። ወደ ጅማ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ተላከ። በሽታው ሳርኮማ የሚባለው የሥጋ ካንሰር ሆኖ ተገኘ፤ ዋናውን የደም ሥር ከቦት ስለ ነበረም እግሩ ከጭኑ ላይ ተቈረጠ። ያ ሰው ዛሬ በሕይወት አለ፤ በቡና ማስጫው አልጋ አጠገብ ተቀምጦ ብልዡን ፍሬ ከደኅናው ይለያል። እኛንም ባየን ጊዜ ሁሉ በመልካም ሰላምታ ይቀበለናል። ሰላምታው ግን ከወቀሳ ይልቅ ይከብደናል።

ስሕተቱ እንዴት ቀላል ሆነ?

በዚህ አገር እንዲህ ያለ ስሕተት የሚሠራበት ምክንያት አለ። ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ፣ ከሸካ እስከ ከፋ ያለው ምድር ዝናቡ ብዙ፣ ጫካው ጥቅጥቅ ያለ፣ ወንዙም ፈጣን ነው። ቡና የሚወደው ይህንኑ ነው። ጥቁር ዝንብ የሚባለውም ትንሽ ተናካሽ ዝንብ የሚወደው ይህንኑ ነው፤ እንቁላሉን የሚጥለው እየተወረወረ በሚፈስ ውኃ ውስጥ ባለ ድንጋይና ቅጠል ላይ ነውና። እንደ ጊሎና እንደ ጎጀብ ባሉ ወንዞችና በገባሮቻቸው ዳር የሚሠራ ሰው፣ በተለይም እግሩን ሳይሸፍን ቡና የሚያርምና የሚለቅም፣ በቀን በዝንቡ ይነከሳል። ዝንቡም ኦንኮሰርካ የሚባለውን ትል ዘር ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ያስተላልፋል።

ሴቲቱ ትል እንደ ቀጭን ክር ያለች ስትሆን ርዝመትዋ እስከ ግማሽ ሜትር ይደርሳል። በሰው ቆዳ ሥር ተጠቅልላ ትቀመጣለች፤ ሰውነትም ዙሪያዋን በጠጣር ሥጋ ይከባታል። የማያመው እብጠት ይህ ነው። በውስጡም ከ10 እስከ 15 ዓመት መኖር ትችላለች። የምትወልዳቸው ጥቃቅን እጮች ግን በቆዳ ውስጥ ተበትነው ዕረፍት የሚነሣ ማሳከክ ያመጣሉ፤ የቅልጥምን ቆዳ እንደ ነብር ቆዳ ያዥጐረጕራሉ፤ ወደ ዐይን በገቡ ጊዜም ሊያሳውሩ ይችላሉ።

ይህን እብጠት ከቡና አገር ጋር ያገናኘው የእኛ አገር ታሪክ ብቻ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዓመት ሁሉ እንዲሁ ነው) በ1915 ዓ.ም. ሮዶልፎ ሮብሌስ የተባለ የጓቴማላ ሐኪም ከአንድ ልጅ ግንባር ላይ እብጠት አውጥቶ ቢቀድደው በውስጡ ትሉን አገኘ፤ በዚያ አገር በቡና እርሻዎች ይታይ የነበረው የዐይን በሽታም ከዚሁ ትል ጋር የተያያዘ መሆኑን አስተዋለ። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በሽታው መኖሩን የኢጣልያ ሐኪሞች በ1939 ዓ.ም. ገልጸዋል። አይቨርሜክቲን የተባለው መድኀኒት ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ ለዚህ በሽታ በነጻ መሰጠት ጀመረ፤ በከፋና በሸካም በ2001 ዓ.ም. ለሕዝብ መታደል ጀመረ። ጓቴማላ በ2016 ዓ.ም. ከበሽታው ነጻ መሆንዋ በዓለም የጤና ድርጅት ተረጋግጦላታል። ስለዚህ ክኒኑን በየዙሩ መዋጥ ከንቱ ድካም አይደለም።

ነገር ግን አንድ ነገር በሚገባ መታወቅ አለበት። ክኒኑ የሚገድለው እጮቹን ነው፤ እናቲቱን ትል ለጊዜው እንዳትወልድ ያደርጋታል እንጂ ወዲያው አይገድላትም። እብጠቱም ክኒኑ በተዋጠ ማግስት አይጠፋም። በዚህም የተነሣ የቡና አገር ሰው በሰውነቱ ላይ እብጠት ይዞ መኖርን ለምዷል። ልማዱም ክፉውን እብጠት በደጉ ስም እንዲጠራ አደረገው። እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነው፤ የምናውቀውን በሽታ ስም በማናውቀው ላይ ለጠፍንበት።

የትሉ እብጠት ከሌላው የሚለይበት

የትሉ እብጠት ዐጥንት ወደ ቆዳ በሚቀርብበት ስፍራ መቀመጥ ይወዳል። በአገራችን አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በዳሌ ዐጥንት ላይ፣ ከወገብ በታች በጀርባ በኩል፣ በጭን ዐጥንት የላይኛው ጫፍ ውጫዊ ጐን፣ በጉልበትና በጐድን ዐጥንት ላይ ነው። መጠኑ ከባቄላ ፍሬ ጀምሮ እስከ ሁለት ወይም ሦስት ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በጣት ቢገፉት ከቆዳ ሥር ይንሸራተታል፤ ብዙ ጊዜም ብቻውን አይሆንም። ለዓመታትም በመጠኑ ይቆያል። በአንዳንድ ሰው ላይ ጠልቆ ሊገኝ ቢችልም፣ በጭን ወይም በባት ወፍራም ጡንቻ መካከል ብቻውን የተገኘና እያደገ የሚሄድ እብጠት የትል ነው ብሎ መደምደም አይገባም።

በእግር ላይ ያለ ሕመም የሚገኘው እብጠት ሁሉ ክፉ አይደለም። እንዲያውም ደጉ ከክፉው እጅግ ይበዛል። ከሁሉ የሚዘወተረው የስብ እብጠት ነው፤ ለስላሳ ሆኖ ቀስ ብሎ ያድጋል። ቀድሞ በእንጨት ወይም በከብት ርግጫ የተመታ ጡንቻ ደም አቍሮ፣ ደሙ ጠጥሮ ሊቀር ይችላል። የጡንቻው ሽፋን ሲሰነጠቅ ሥጋው ሾልኮ የሚያብጥም አለ፤ ይህኛው ሲቆሙ ይታያል፣ ሲጋደሙ ይጠፋል። ከጉልበት በስተኋላ ውኃ የያዘ ከረጢት ሊያብጥ ይችላል። እግሩ የቈሰለ ሰው ደግሞ በብሽሽቱ ላይ ንፍፊት ያወጣል።

ደግ ካልሆኑት መካከል አንዱ ቀዝቃዛ መግል ነው። የሳንባ ነቀርሳ የሚባለው በሽታ የጀርባን ዐጥንት በያዘ ጊዜ መግሉ በጡንቻ መንገድ ቍልቍል ወርዶ በብሽሽት ወይም በጭን ላይ ያብጣል። እንደ ሌላው መግል አይሞቅም፤ ብዙም አያምም። ትኵሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ክሳትና የጀርባ ሕመም አብሮት ሊኖር ይችላል። ይህ በመድኀኒት የሚድን በሽታ ነው፤ በመንደር ምላጭ ቢቀደድ ግን ለረጅም ጊዜ እያፈሰሰ የማይደርቅ ቍስል ሊሆን ይችላል።

ሌላው ሳርኮማ ነው። ከትላልቅ ሰዎች ካንሰር ሁሉ ከመቶ አንዱ ያህል ብቻ ቢሆንም፣ ከማናቸውም የሰውነት ክፍል ይልቅ የሚወደው ጭንን ነው። የማያምበትም ምክንያት ግልጽ ነው። ጭን ሰፊ ስፍራ አለው፤ እብጠቱ ጡንቻውን ወደ ጐን እየገፋ ያድጋል እንጂ ነርቭን ወይም ዐጥንትን እስኪነካ ድረስ የሚያስጮኸው ነገር የለም። ሕመም በመጣ ጊዜ ብዙ ቀን አልፎ ሊሆን ይችላል። ከዚያም ዘሩን በደም መንገድ ወደ ሳንባ ይልካል። እንግዲህ «አላመመኝምና ደኅና ነኝ» የሚለው አነጋገር በዚህ በሽታ ላይ አይሠራም።

አራቱ ጥያቄዎች

በዓለም ላይ ያሉ ሐኪሞች ክፉውን እብጠት ከደጉ ለመጠርጠር የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች ቀላልና ማንም የተማረ ሰው ሊጠይቃቸው የሚችል ናቸው።

1ኛ/ ከአምስት ሴንቲ ሜትር ይበልጣልን? ይኸውም የሦስት ጣት ስፋት ወይም የአንድ ዶሮ እንቁላል ርዝመት ያህል ነው።

2ኛ/ እያደገ ነውን? ይህን በግምት ማወቅ አይቻልም። የልብስ ሰፊ ሜትር ተወስዶ የእብጠቱ ርዝመትና ስፋት ይለካል፤ ከነቀኑ በደብተር ይጻፋል። በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ውስጥ እንደገና ይለካል።

3ኛ/ ጠልቆ የተቀመጠ ነውን? ይህን ለማወቅ እብጠቱ በጭን ፊት ከሆነ ወንበር ላይ ተቀምጦ እግርን ወደ ፊት ዘርግቶ ማጠንከር፣ በባት ከሆነም በእግር ጣቶች ጫፍ መቆም ይበቃል። ጡንቻው በጠነከረ ጊዜ እብጠቱ እንደ ቀድሞው በጣት የሚንሸራተት ከሆነ ከጡንቻ በላይ ነው። ተይዞ የማይነቃነቅ ወይም የሚሰወር ከሆነ ግን በጡንቻው ውስጥ ወይም ከሥሩ ነው።

4ኛ/ ቀድሞ ተቈርጦ ወጥቶ ተመልሶ ያደገ ነውን?

ከአራቱ ለአንዱ እንኳ መልሱ «አዎን» ከሆነ፣ መለኪያ እየያዙ መጠበቅ ይቅርና ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል። ያ የቡና ሠራተኛ በመጀመሪያው ቀን ከእነዚህ ጥያቄዎች ቢያንስ ለአንዱ «አዎን» ይል ነበር። ያልጠየቅነው እኛ ነን።

የማይደረጉ ነገሮች

እብጠቱ ምን እንደ ሆነ ሳይታወቅ መታሸት የለበትም። ወጌሻ የወለቀን ለመመለስ የታወቀ ሙያ አለው፤ ይህን ግን በእጁ ሊመልሰው አይችልም። በብረት መተኰስ፣ ዋግምት ማድረግና ቅጠል ማሰርም አይጠቅሙም፤ ቍስል ጨምረው ጊዜ ያባክናሉ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው መቀደድ ነው። ሳርኮማን ሳያውቁ የሚቀድ እጅ የታሸገውን ዘር በጤናማው ሥጋ ላይ ይዘራዋል፤ በኋላም የሚመጣውን ቀዶ ጥገና ሰፊና አስቸጋሪ ያደርገዋል። ይህ በመንደር ምላጭ ለሚቀድ ብቻ የተነገረ አይደለም። በትንሽ ጤና ጣቢያ ያለን ባለሙያዎችም «ትንሽ የስብ እብጠት ናት» ብለን ጠልቆ ያለውን ሳናስመረምር ቢላዋ እንዳናነሣ ያስጠነቅቀናል። ትክክለኛው መንገድ በቅድሚያ በአልትራሳውንድ፣ ከተቻለም በኤም.አር.አይ ማየት፣ ቀጥሎም በወፍራም መርፌ ናሙና ወስዶ በማይክሮስኮፕ ማስመርመር ነው። ቀዶ ጥገናው የሚታሰበው ከዚያ በኋላ ነው።

ብዙ ሰው ወደ ትልቅ ሆስፒታል ከመሄድ የሚቀረው «እግሬን ይቈርጡታል» ብሎ በመፍራት መሆኑን እናውቃለን። ፍርሃቱ በቀድሞ ዘመን ምክንያት ነበረው። በ1982 ዓ.ም. በአሜሪካ የታተመ የታወቀ ጥናት ግን ጥቂት በሽተኞችን በሁለት ከፍሎ፣ እግራቸው ወይም ክንዳቸው የተቈረጠባቸው ሰዎች እብጠቱ ብቻ በሰፊው ወጥቶላቸው የጨረር ሕክምና ከተሰጣቸው ይልቅ ረጅም ዕድሜ አለማግኘታቸውን አሳየ። ከዚያ ወዲህ በጊዜ የመጣ ሰው እግሩን ይዞ የመመለስ ተስፋው ከፍ ያለ ነው። በአገራችን ለብዙ ዓመታት የጨረር ሕክምና የሚገኘው በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ይኸውም ከሚዛን ከአምስት መቶ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ ነው። በኋላ ግን በጅማም ተከፍቷል። እንግዲህ እግር የሚያስቈርጠው ወደ ሆስፒታል መሄድ ሳይሆን ዘግይቶ መሄድ ነው።

ለመምህራን የምናቀርበው ቃል

በቡና አገር ጽሕፈት የሚያውቅ ሰው የመንደሩ ዐይን ነው። ደብዳቤ የሚያነበው፣ የመድኀኒት ካርድ የሚፈታው፣ ምክርም የሚጠየቀው መምህሩ ነው። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ አንብቦ በመሳቢያ ውስጥ እንዳያኖረው እንለምናለን። ተማሪዎች ክኒን በሚታደልበት ቀን ስለ ትሉ እብጠት ሲማሩ፣ ከዚሁ ጋር «እብጠት ሁሉ የትል አይደለም» የሚለውን ይማሩ። ልጆቹም ለአባቶቻቸው ይነግራሉ።

ባለፈው ዓመት አንዲት መምህርት በባትዋ ውስጥ ሕመም የሌለው እብጠት አግኝታ ወደ እኛ መጣች። በእጅዋ የተማሪ ደብተር ይዛ ነበር፤ በደብተሩም ላይ የሦስት ቀን ልክ ከነቀኑ በመስመር ተጽፏል። የመጨረሻው ልክ ከመጀመሪያው አንድ ሴንቲ ሜትር ይበልጥ ነበር። እኛም ምንም ሳንነካ ወደ ጅማ ላክናት። በናሙናው የተገኘው በጡንቻ ውስጥ ያደገ ተራ ስብ ነው። ተመልሳ በመጣች ጊዜ፣ «በከንቱ አደከምኳችሁ» ብላ ይቅርታ ጠየቀችን። እኛ ግን በዚያ ዓመት ከዚህ የተሻለ የተሠራ ሥራ አላየንም። መርምሮ ደግ ሆኖ ማግኘት ኪሳራ አይደለም፤ ሳይመረምሩ ደግ ነው ማለት ነው ኪሳራው።

ያ የቡና ሠራተኛ «ይህችም ከዚያችው ናት?» ብሎ የጠየቀን ጥያቄ ዛሬም በጆሮአችን አለ። ዛሬ ቢጠይቀን የምንመልስለት እንዲህ ነው፦ «ወንድሜ፣ በእጅ ዳስሰን አናውቀውም፤ ቀዳዶ ማየትም አይገባም፤ ደብዳቤ እንጽፍልሃለንና ነገ በማለዳው አውቶቡስ ሂድ።»